የሚያንጠባጥብ ኮፓ፤ ያረጁ መኪኖቻችንና የጥገናቸው ታሪክ

የዩኒየን የምሥረታ በዓል መጽሔት ሲዘጋጅ ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ ግብዓት ሥርጭትና ስለ ትርፍ ክፍፍል መጻፍ የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚነሳው ጉዳይ ግን ማዳበሪያውንና እህሉን ተሸክመው የሚያመላልሱትን ያረጁ መኪኖች፣ ይበልጡንም ከሞተራቸው ሥር ተንጠልጥሎ የሚገኘውን አንድ የብረት ገበቴ የሚመለከት ነው። ይህን ገበቴ መካኒኮቻችን ኮፓ ይሉታል።

ኮፓ የሞተር ዘይት ማጠራቀሚያ ነው። የዘይት ፖምፓው ከእርሱ እየሳበ ዘይቱን ወደ ኮሎው፣ ወደ ብሮንዞቹና ወደ ቴስታታው ይልካል። ሥራውን የጨረሰው ዘይት ተመልሶ ወደ ኮፓው ይወርዳል። ያረጀ መኪና ከቆመበት ሲነሳ መሬት ላይ የምትቀረው ጥቁር ክብ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ዕቃ ወይም ከእርሱ በላይ ካለ ቦታ የወረደች ናት።

“ትንሽ ያንጠባጥባል እንጂ ደህና ነው” የሚለው አነጋገር በየማኅበራቱ ግቢ የተለመደ ነው። እስቲ ትንሽ የተባለውን እናስላው። በግምት 25 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሞላል ብንል፣ በየ10 ሴኮንዱ አንድ ጠብታ የሚጥል ሞተር በ24 ሰዓት ውስጥ 8,640 ጠብታ፣ ማለትም 345 ሚሊ ሊትር ያህል ያፈሳል። በሳምንት ወደ 2.4 ሊትር ይደርሳል። በገጠር ልማት ሥራ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የድሮው ላንድሮቨር ኮፓ የሚይዘው ዘይት 6 ሊትር ገደማ በመሆኑ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከዘይቱ አርባ በመቶው ጠፋ ማለት ነው።

ሜዳ ላይ ይህ ጉድለት ላይታወቅ ይችላል። የሀገራችን መንገድ ግን ሜዳ አይደለም። ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ወይም ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ በኮፓው ውስጥ ያለው ዘይት ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። ዘይቱ የጎደለ ከሆነ የፖምፓው መሳቢያ በዘይት ፋንታ አየር ይስባል። በዚህ ጊዜ ብሮንዞቹ ከኮሎው ጋር ብረት ለብረት ይፋተጋሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ሞተሩ ይነክሳል። የሞተር ዕድሳት ወጪ ስንት እንደሆነ የዩኒየን ሥራ አስኪያጆችና የሒሳብ ሠራተኞች ከማንም የበለጠ ያውቁታል። የአንድ ጓርኒሲዮን ዋጋ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ስሙ ከየት መጣ?

ወደ ሀገራችን የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ገባ። በዚያን ጊዜ የሀገሬው ሰው ለመኪና ዕቃዎች የሚሆን ስም አልነበረውም፤ መካኒክም አልነበረውም። የጋራዥ ቋንቋችን በስፋት የተሠራው ከዚያ በኋላ፣ በተለይም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ወቅት ነው። ወራሪው ለጦሩ ስንቅና ጥይት ሲል መንገድ ዘረጋ፣ የፊያትና የላንቺያ ከባድ መኪኖችን በብዛት አስገባ፣ ጋራዦችንም አቋቋመ። ወረራው ሲያበቃ መኪኖቹ ቀሩ። ከመኪኖቹ ጋር በሀገር ውስጥ የቀሩ ጣሊያናውያን መካኒኮችና ከኤርትራ የመጡ ባለሙያዎች ሙያውን ለሀገሬው ወጣት አስተማሩ።

ስለዚህ ዛሬ በማንኛውም የወረዳ ከተማ ጋራዥ ውስጥ የሚሰማው ቋንቋ የዚያ ዘመን ቅርስ ነው ማለት ይቻላል። ኮፓ በጣሊያንኛ ጽዋ ወይም ጎድጓዳ ዕቃ ማለት ነው። ጓርኒሲዮን፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ፖምፓ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ናፍጣ ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። የሚገርመው አንድም ቀን ጣሊያንኛ ያልተማረ የገጠር ረዳት እነዚህን ቃላት ያለ ስህተት ይጠራቸዋል፤ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ስማቸውን ግን እኛ በኮሌጅ የተማርነውም ቶሎ አናስታውሰውም።

መፍሰስ እንደ ጥፋት የማይቆጠርበት ዘመን

የሞተርን ታሪክ ወደ ኋላ ስንመለከት አንድ ያልተጠበቀ ነገር እናገኛለን። በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ዘይት መፍሰሱ ብልሽት አልነበረም። ከላይ ከተቀመጠ ትንሽ ዕቃ ዘይቱ በጠብታ እየወረደ ብረቱን ካለሰለሰ በኋላ በመንገድ ላይ ይቀር ነበር። ተመልሶ አይሰበሰብም። ነጂው በየጊዜው መጨመር ብቻ ነበረበት።

እ.ኤ.አ. በ1908 መመረት የጀመረው ፎርድ ሞዴል ቲ ዘይቱን ከሥር በተገጠመ ኮፓ ውስጥ ይዞ እንደገና እንዲሠራበት ያደርግ ነበር። ሆኖም የዘይት ፖምፓ አልነበረውም። የሚሽከረከረው ክፍል ዘይቱን ከሥር እየዛቀ ይረጨዋል፤ የተረጨውም እየወረደ ይመለሳል። የዘይት መለኪያ ዘንግም አልነበረውም። ነጂው ከመኪናው ሥር ገብቶ፣ አንዷ ከፍ ሌላዋ ዝቅ ብለው የተገጠሙ ሁለት ትናንሽ ቧንቧዎችን ይከፍታል። ከላይኛዋ ዘይት ከወረደ ሙሉ ነው፤ ከታችኛዋም ካልወረደ አደጋ ነው። ዘይቱን በግፊት የሚልክ ፖምፓ በሁሉም መኪኖች የተለመደ ሲሆን የኮፓ ሚና ይበልጥ ከበደ፤ ፖምፓው የሚስበው ከእርሱ ብቻ ነውና።

በትራክተር ዘንድ ታሪኩ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1913 በአሜሪካ የወጣው ዋሊስ ከብ የተባለ ትራክተር ሻንሲ አልነበረውም። የእንፋሎት ጋን ከሚሠራበት ወፍራም ላሜራ እንደ ቦይ ተጠፍጥፎ የተሠራ አንድ ገበቴ ሞተሩንና ካምቢዮውን ከሥር ያቅፋል፤ ያው ገበቴ የትራክተሩ የጀርባ አጥንት ሆኖ ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው ፎርድሰንም ይህንኑ ሐሳብ በወፍራም ቀልጦ በተቀረጸ ብረት ሠራው። ዋሊስን የሚሠራውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1928 ማሴ ሃሪስ ገዛው፤ ማሴ ሃሪስም እ.ኤ.አ. በ1953 ከፈርጉሰን ጋር ተዋሐደ። በሀገራችን “ማሲ” እየተባለ የሚጠራው ማሴ ፈርጉሰን የዚህ የዘር ሐረግ ልጅ ነው። የማሴ 135 ኮፓ ቀልጦ በተቀረጸ ብረት የተሠራና ከፊት ያለውን ጭነት የሚሸከም ነው። ስለዚህ እንደ መኪና ቡሎኖቹን ፈትቶ ኮፓውን ማውረድ አይቻልም። መጀመሪያ ሞተሩና የፊቱ አክስል ለየብቻቸው በጠንካራ ድጋፍ መያዝ አለባቸው። ይህን ሳያውቅ ቁልፍ የሚያነሳ ሰው ትራክተሩን ለሁለት ከፍሎ መሬት ላይ ሊጥለው ይችላል።

በሀገራችን ትራክተር ወደ አነስተኛ አራሾች አካባቢ በስፋት ከገባባቸው ቦታዎች አንዱ አርሲ ነው። በስዊድን እርዳታ በ1960 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና ዋና መሥሪያ ቤቱን አሰላ ያደረገው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለአነስተኛ ገበሬዎች ለማዳረስ የተቋቋመ ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘመን የመሬት ባለቤቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞችን ማፈናቀላቸው የታወቀ ነው። ለአንዳንድ አባቶች የትራክተር ድምፅ እስከ ዛሬ የደስታ ድምፅ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የእጥረቱ ዓመታትና የትሬንታ ትምህርት

በደርግ ዘመን የመንግሥት እርሻዎችና የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ትራክተሮች ተሰጧቸው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በናዝሬት፣ ማለትም በዛሬዋ አዳማ፣ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሞ ቤላሩስ ትራክተሮችን መገጣጠም ጀመረ። የጭነቱን ሥራ ደግሞ በአብዛኛው ትሬንታ ኳትሮና ኤን ትሬ የሚባሉት የፊያት መኪኖች ተሸክመውት ነበር። ማሽን አለ፤ መለዋወጫ ግን የለም። የውጭ ምንዛሪው ለጦር መሣሪያና ለነዳጅ ይውል ስለነበር የኮፓ ጓርኒሲዮን የመሰለ ቀላል ዕቃ እንኳ ብርቅ ነበር።

ከዚህ እጥረት አንድ ትልቅ ሙያ ተወለደ። መካኒኮቻችን ጓርኒሲዮን በእጃቸው መቁረጥ ቻሉ። ወፍራም ወረቀት ወይም የቡሽ ንጣፍ በኮፓው ከንፈር ላይ ያነጥፋሉ፤ በትንሽ መዶሻ ጠርዙን ቀስ ብለው እየነኩ ቅርጹን ያወጣሉ፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹን በመዶሻው ድቡልቡል ጫፍ ይበሳሉ። በዚህ መንገድ በጥንቃቄ የተሠራ ጓርኒሲዮን ከፋብሪካው የማይተናነስ አገልግሎት ይሰጣል። ይህ ሙያ የሚናቅ አይደለም፤ በብዙ ሀገርም የታወቀ ነው።

ከዚያው እጥረት ግን ሁለት ጎጂ ልማዶችም ተወልደዋል፤ ሁለቱም ዛሬ መለዋወጫ በየሱቁ በሚገኝበት ጊዜ እንኳ አልተዉንም።

የመጀመሪያው ከጎማ ከመነዳሪ ጓርኒሲዮን መቁረጥ ነው። ከመነዳሪ ለስላሳ ስለሆነ ሲገጠም ልክ ይመስላል፤ ለጥቂት ቀናትም ያቆማል። ይሁን እንጂ ለጎማ የሚሆነው ላስቲክ የሞተር ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ከቡሎኖቹ መካከል እየተጨመቀ ይወጣል። ዘይት የሚቋቋም ሰው ሠራሽ ላስቲክ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጀርመን የተሠራው ይህ ችግር ስለታወቀ ነው። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በሥራ ግን አይገናኙም።

ሁለተኛው ይብሳል፤ እርሱም ማጥበቅ ነው። ኮፓው ሲያንጠባጥብ ረዳቱ ቁልፍ ይዞ ይገባና ቡሎኖቹን ባለ በሌለ ኃይሉ ያጠብቃል። ለአንድ ቀን ይቆማል። በማግስቱ ከበፊቱ የበለጠ ይፈሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመኪና ኮፓ በአብዛኛው ከስስ ላሜራ የተጠፈጠፈ ሲሆን ቡሎኑ ከመጠን በላይ ሲጠብቅ በቀዳዳው ዙሪያ ያለው ላሜራ ወደ ላይ ይጎብጣል። በሁለት ቡሎኖች መካከል ያለው ከንፈር ደግሞ ይከፈታል። በዚያ ላይ የቡሽ ጓርኒሲዮኑ ይሰነጠቃል። በእኔ ግምት በየግቢያችን ከምናያቸው የኮፓ ፍሳሾች አብዛኞቹ የዕድሜ ሳይሆኑ የቁልፍ ውጤቶች ናቸው።

በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአብዛኛው ፈረሱ፤ ንብረታቸውም ተበታተነ። ኅብረት ሥራ በአዲስ መልክ የተደራጀው በአዋጅ ቁጥር 85/1986፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ነው። ይህ ሁለተኛው አዋጅ ዩኒየኖች በብዛት እንዲቋቋሙ መንገድ ከፈተ። ዩኒየኖችም ቀስ በቀስ የራሳቸውን ጭነት መኪና መያዝ ጀመሩ፤ አይሱዙም በየወረዳው ታየ። ከመኪኖቹ ጋር ግን የድሮው የጥገና ልማድ አብሮ ገባ።

ፍሳሹ ሲገኝና ሲጠገን

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዘይቱ በእርግጥ ከኮፓው መምጣቱ ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ በጉዞ ላይ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከላይ ከቫልቭ ክዳን የፈሰሰው ኮፓው ላይ ደርሶ ይንጠለጠልና ኮፓው ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። ከሞተሩና ከካምቢዮው መገጣጠሚያ የሚንጠባጠብ ከሆነ የኋላው ፓራኦሊዮ ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ሌላ ሥራ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ከውጭ በደንብ አጥቦ ማድረቅ፣ በኮፓው ከንፈር ዙሪያ ነጭ ፓውደር ወይም የጠመኔ ዱቄት መነስነስ፣ ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ 15 ደቂቃ ያህል መጠበቅ ይበቃል። ዘይቱ በነጩ ላይ መንገዱን ራሱ ይጽፋል።

ከታፖው ላይ ከሆነ ዕድለኞች ነን። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመዳብ ሮንዴላው መድረቁ ነው። አዲስ ከሌለ አሮጌውን በእሳት እስኪቀላ አግሎ ውኃ ውስጥ መንከር መዳቡን መልሶ ያለሰልሰዋል። ብረት እንዲህ ሲደረግ ይጠነክራል፤ መዳብ ግን ይለሰልሳል።

ኮፓው መውረድ ካለበት መኪናው ደልዳላ ቦታ ላይ ይቁም፣ ጎማው ይታገድ፣ በክሪክ ብቻ በተደገፈ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ዘይቱ በንጹሕ ዕቃ ከተቀዳ በኋላ ቡሎኖቹ ይፈታሉ። አሮጌው ጓርኒሲዮን ከሁለቱም ፊት እስከ መጨረሻው ይፋቃል። ከዚያ ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ይመጣል። የኮፓው ከንፈር በጠፍጣፋ ብረት ወይም በጠንካራ እንጨት ላይ ተቀምጦ የጎበጡት የቡሎን ቀዳዳዎች በመዶሻ ቀስ ተብለው ይስተካከላሉ። ይህ ሳይደረግ የሚገጠም አዲስ ጓርኒሲዮን ገንዘብ ማባከን ነው። ሲታሰርም ሁሉም ቡሎኖች መጀመሪያ በጣት ይገባሉ፤ ቀጥሎ ከመሐል ወደ ዳር ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ በሁለትና በሦስት ዙር ይጠብቃሉ። ለትናንሾቹ ባለ 10 ቁጥር ቁልፍ ቡሎኖች የእጅ አንጓ ኃይል በቂ ነው፤ የክንድ ኃይል አያስፈልግም። ቡሽ ከሆነ ሞተሩ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ በቀስታ መፈተሽ ተገቢ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የመኪና ፋብሪካዎች በጓርኒሲዮን ፋንታ ሲሊኮን መጠቀም ጀምረዋል፤ እኛም ዘንድ ቱቦው በየሱቁ አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሲበዛ ይጎዳል። ወደ ውስጥ የተረፈው ሲሊኮን ሲደርቅ እንደ ክር እየተቆረጠ ዘይት ውስጥ ይገባና የፖምፓውን ማጣሪያ ወንፊት ይደፍናል። ዘይት እንዳይፈስ ብለን ሞተሩን ዘይት እናስጠማዋለን ማለት ነው። ቀጭን መስመር ይበቃል፤ ዘይት ከመሞላቱ በፊትም በቱቦው ላይ የተጻፈውን የመድረቂያ ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል።

ድንጋይ የበሳው ወይም ዝገት የበላው የላሜራ ኮፓ ይበየዳል። ነገር ግን ከመኪናው ላይ ወርዶ፣ ከዘይትና ከጋዝ ፈጽሞ ጸድቶ መሆን አለበት። ዘይት የነካው ብረት ላይ ብየዳ አይዝም፤ የቀረው ትነትም እሳት ይፈጥራል። አሉሚኒየም የሆነ ኮፓ በተራው የኤሌክትሪክ ብየዳ አይሞከርም፤ በአርጎን ብየዳ ለሚሠራ ባለሙያ ይሰጣል። የተበየደውን ኮፓ ከመግጠም በፊት ለመፈተን ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከውጭ ብየዳው በጠመኔ ይቀባል፣ ከውስጥ ነጭ ጋዝ ይፈስበታል። ነጭ ጋዝ ከዘይት የቀጠነ ስለሆነ በፀጉር ቀዳዳ እንኳ ያልፋል። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ጠመኔው ላይ ጥቁር እርጥበት ካልታየ ኮፓው ይያዛል።

ከግቢያችን አፈርና ከመኪኖቹ ዕድሜ አንጻር

የተቃጠለ ዘይት በገጠር አይጣልም። ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት ይቀባበታል፤ የበር ማጠፊያም ይቀባል። ሲያንጠባጥብ የሚቀረው ግን የሚሰበስበው የለም። በመጋዘን በር ላይ የሚቆም መኪና በየቀኑ በዚያው ቦታ ሲያንጠባጥብ አፈሩ ዘይት ይጠጣል፤ በክረምት ጎርፉ ወደ ጉድጓድና ወደ ምንጭ ይወስደዋል። የዘይት ሽታ የነካው ጆንያ ውስጥ ያለ እህል ደግሞ ገዢ ሲመልሰው ኪሳራው የአባሉ ነው። እኔ በልማት ጣቢያ ስሠራ ስለ ዘር ማከማቻ ስናስተምር ስለ አይጥና ስለ ነቀዝ እንናገራለን፤ በመጋዘን ደጃፍ ስለሚቆም መኪና ግን በማስተማሪያ ጽሑፎቻችን ውስጥ አንድም መስመር የለም። ሊኖር ይገባል።

አሮጌ መኪናን በአዲስ መተካት ቀላል መልስ ይመስላል። ሆኖም የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ ከጣለ ወዲህ ዋጋው ጨምሯል፤ ስለዚህ ያለውን መኪና ማቆየት የግድ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ወስኗል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ደግሞ የሞተር ዘይት ኮፓ የለውም። የልጅ ልጆቻችን ምናልባት ይህን ቃል ከመዝገበ ቃላት ይፈልጉት ይሆናል። የእኛ አይሱዙዎችና ትራክተሮች ግን ገና በናፍጣ ናቸው።

በመኪና መቆጣጠሪያ መዝገባችን ላይ ኪሎ ሜትርና ናፍጣ ይመዘገባል። ነጂው በየመንገዱ የሚጨምረው የሞተር ዘይት ግን ብዙ ጊዜ በቆርቆሮ ተገዝቶ በደረሰኝ ብቻ ያልፋል። ለዘይት አንድ ዓምድ ቢጨመር፣ ቀንና መጠኑ ቢጻፍ፣ የንብረት ክፍሉም በየወሩ መጨረሻ ቢደምረው የትኛው መኪና ኮፓው ወርዶ መታየት እንዳለበት ከግንቦት በፊት ይታወቃል። በሰኔ ማዳበሪያ ሲጓጓዝ ግን ማንም መኪና ለማቆም ጊዜ የለውም።